ለቀበሌያችሁ ምክር ቤት መርጣችሁ ታውቃላችሁ? ከወረታ የሩዝ ሰፈር የተነሳ ጥያቄ

እስቲ ስልካችሁን ሳትነኩ፣ ማንንም ሳትጠይቁ፣ የምትኖሩበትን ሰፈር በቀበሌ ምክር ቤት የሚወክል የአንድ ሰው ስም ጥሩ። አንድ ብቻ።

እኔ አልቻልኩም። የሚኒስትሮቹን ስም በቃሌ አውቃለሁ፣ የቀበሌዬን ሰው ግን አላውቅም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ በኋላ ሂሳቡን ስሠራው ነገሩ ገባኝ። በአማራ ክልል የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ማለትም ዛሬ ከ30 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ፣ የሰፈሩን ተወካይ አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። እኔም እዚያው ውስጥ ነኝ። ይህን ከምታነቡት አብዛኞቻችሁም ሳትሆኑ አትቀሩም።

ነገሩን በወረታ ልሂድበት፤ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወረታን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱበት። ሩዝ እዚህ የተለመደው በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በሙከራ ካሳዩ በኋላ ነው። ዛሬ «ኤክስ ጅግና» የሚባለውን ዝርያ በሜዳው የማያውቅ ገበሬ የለም፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው እዚሁ ነው። ሩዙ ከማሳ ወደ ከተማ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ይበጠራል፣ በጆንያ ይሞላል፣ መኪና ላይ ይጫናል።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ደግሞ አለ። ጫኝና አውራጁ፣ መፈልፈያው ደጃፍ ቁጭ ብለው የሚያበጥሩት ሴቶች፣ ጋሪ ነጂው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከሌላ ወረዳ መጥቶ በቀን ሂሳብ የሚሠራው ልጅ። የእነዚህ ሰዎች ጥያቄ ትልቅ ፖለቲካ አይደለም። ክረምት ላይ ውሃ ቤት ውስጥ የሚያስገባ ቦይ ይጠረግልን፣ ቧንቧ ይምጣልን፣ መታወቂያ ስጡን፣ መንገድ ዳር ስንሸጥ አታባሩን። ይህን የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ፓርላማ አይደለም። ቀበሌውና ከተማ አስተዳደሩ ነው። ምርጫ የጠፋውም እዚያው ላይ ነው!

መሰላሉን ከላይ እንውረድ

ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አለ። 547 የምርጫ ክልል፣ ከነዚህ 138ቱ በአማራ። ቀጥሎ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት፤ 294 መቀመጫ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በነበረው ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ለነዚህ ለሁለቱ ነው።

ከዚያ ዞን ይመጣል። ይቺን ብዙ ሰው አያስተውላትም፦ ደቡብ ጎንደር ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል የዞን ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ ዞኖቹ ናቸው፤ የተቀሩት ዞኖች አስተዳዳሪ ከክልል ይሾማል። ደብረ ታቦር የተቀመጠውን የዞን አስተዳዳሪ በድምፅህ አታወርደውም፣ አታወጣውም።

ታች ወረዳ፣ ከተማና ቀበሌ አሉ። ከንቲባው በሕጉ የሚመረጠው በከተማው ምክር ቤት ነው፤ የምክር ቤቱን አባላት ደግሞ ነዋሪው ይመርጣል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። የምክር ቤቱ ዘመን 5 ዓመት ስለሆነ በ2010 መታደስ ነበረበት። ተራዘመ። ከጠቅላላው ምርጫ ጋር አብሮ ይደረጋል ተባለ። ጠቅላላው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ከ2012 ወደ 2013 ተገፋ። 2013 ላይ ጠቅላላው ሲካሄድ የአካባቢው ቀረ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በራሱ በክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ የከረመበት ጊዜ። ማን ስለ ቀበሌ ምርጫ ያስታውስ?

ይኼን ያህል ዓመት ቀላል አይደለም። የተመረጠው ሰው ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ሰፈር ይቀይራል፣ ይሾማል። ሰፈሩም ያው አይቆይም፤ ያኔ የነበረው ተከራይ ሄዶ ሌላ ገብቷል።

በእርግጥ «የ2005ቱስ ምን ምርጫ ነበር?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ1997 ምርጫ በኋላ ከ15 ገደማ ወደ 100 እና 300 ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። በመላው አገሪቱ ሲደመር ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ማለት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ደስ ይላል፣ ከየአጥሩ አንድ ተወካይ። ግን ይኼን ሁሉ ዕጩ ማቅረብ የሚችል ተቃዋሚ ፓርቲ ከየት ይመጣል? በ2005 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ወጡ፣ ኢህአዴግም ከጥቂት መቀመጫዎች በቀር ሁሉንም ወሰደ። «አንድ ለአምስት»ም ነበር፤ ወሬ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት እንጂ የሰፈር ጥያቄ ወደ ላይ የሚወጣበት አልነበረም። እና የጠፋው ነገር ድሮም ጎዶሎ ነበር። ቢሆንም በጎዶሎ ምርጫ እና በምንም መሃል ልዩነት አለ። የመረጥከው ሰው ቢያንስ በ5 ዓመት አንዴ በርህን ያንኳኳል።

መስመሩ ራሱ

ሁለተኛው ችግር የምርጫ ክልል መስመር ነው። የፌዴራል ምርጫ ክልሎች የተዋቀሩት ወረዳን መሠረት አድርገው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የፎገራ ወረዳ ሕዝብ ከ220 ሺህ በላይ ነበር፤ ከተሜው ከ10 ሰው 1 ገደማ። ስለዚህ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው የወረታን ጫኝና አውራጅ አንድም ቀን ሳያናግር ሊያሸንፍ ይችላል። በእኛ ሕግ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ መቀመጫውን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ለሁለተኛው ፍርፋሪ የለም። ገበሬው ጠላት ነው እያልኩ አይደለም፤ ሩዙም የሱ ነው። ግን የማዳበሪያ ጥያቄና የኪራይ ቤት ጥያቄ አንድ አይደሉም፣ ዕጩው ደግሞ ብዙ ድምፅ ወዳለበት ይሄዳል።

ቁጥሩም አርጅቷል። በ1987ቱ ቆጠራ 53 ሚሊዮን ገደማ ነበርን፤ ለ547 ስታካፍሉት አንድ ተወካይ ለ97 ሺህ ሰው ማለት ነው። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን፤ ያው 547። አንዱ ተወካይ ከ180 ሺህ በላይ ሰው ተሸክሟል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ቀጣዩ እየተራዘመ እስካሁን አለ። ወረታ ምን ያህል እንዳደገች ሳይቆጠር መስመር ይስተካከል ብሎ መከራከር በባዶ እጅ ገበያ እንደመውጣት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቦይል ሃይትስ የሚባል ሰፈር አለ። የፋብሪካና የጉልበት ሠራተኛ ሰፈር ነበር፤ ብዙዎቹ ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦች። በፈረንጆቹ 1947 ኤድዋርድ ሮይባል የሚባል ሰው ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ደጋፊዎቹ ቁጭ ብለው አላለቀሱም። ማህበር አቋቁመው ቤት ለቤት እየዞሩ 15 ሺህ ገደማ አዲስ መራጭ አስመዘገቡ። 1949 ላይ ያው ሰው አሸነፈ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ከከተማው በላይ ያለውን ካውንቲ የሚያስተዳድሩት 5 ተመራጮች ናቸው፣ የምርጫ መስመሩም የላቲኖዎቹን ሰፈሮች እየሰነጠቀ ድምፃቸውን ይበትነው ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1990 መስመሩ ሆን ተብሎ እንዲያ እንደተሰመረ ተፈረደ፤ እንደገና ተሰመረ። 1991 ላይ ግሎሪያ ሞሊና ተመረጠች። ሮይባል ካሸነፈ ከ42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለእኔ ከዚህ ታሪክ የምትቆጨኝ 1947 ናት። ሮይባል ቢያንስ የሚሸነፍበት ምርጫ ነበረው።

መታወቂያ የሌለው ሰው

ሦስተኛው ነገር ማን ይቆጠራል የሚለው ነው። በምርጫ ሕጉ ለመምረጥ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር አለብህ። ለአረም መጥቶ ከአጨዳ በኋላ የሚሄደው ልጅ ወረታ ላይ አይሞላለትም፣ አገሩ ላይ ደግሞ በምዝገባው ሰሞን የለም። ዓመቱን ሙሉ የሚኖረውም ቢሆን ነዋሪነቱን ማሳየት አለበት። መታወቂያ ሲጠይቅ ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል። መንገዱ በማይታመንበት በዚህ ጊዜ ለመሸኛ ተመልሶ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እኔን ራሴን የገጠመኝን ልንገራችሁ። ተከራይቼ በምኖርበት ከተማ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ አከራይሽ ይመስክሩ ተባልኩ። እትዬ ደግሞ «ልጄ፣ የኪራይ ግብር ታመጪብኛለሽ» ብለው እምቢ አሉ። አልፈርድባቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን በዚያ ቀበሌ ወረቀት ላይ አልነበርኩም። ፋይዳም አይፈታውም፤ ማን እንደሆንሽ እንጂ የየት ቀበሌ ነዋሪ እንደሆንሽ አያረጋግጥም።

ተወካይ ሲጠፋ ሰው ሌላ በር ያንኳኳል። የእድሩን ዳኛ፣ የማህበሩን ሊቀመንበር፣ ቢሮ ውስጥ የአጎት ልጅ ያለውን። አንዳንዴ ይሠራል። ሰው ያለው ያልፍለታል፣ ሰው የሌለው ይጠብቃል፤ ያ በጋሪ ሩዝ የሚገፋው ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 በማናቸውም የመንግሥት እርከን በየጊዜው በሚደረግ ምርጫ መምረጥና መመረጥ መብት ነው ይላል። «በማናቸውም እርከን» የሚለው ቀበሌንም ይጨምራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። አንቀጽ 12 ላይ እምነት ያጣህበትን ተመራጭ ማውረድ እንደምትችልም ተጽፏል።

ስለዚህ ቀጣዩ ምርጫ ሲነሳ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። «ማንን ትመርጣለህ» ብቻ አይደለም፤ «የአካባቢው ምርጫ መቼ ነው» የሚለውም ነው። ለምርጫ ቦርድ፣ ለክልሉ ምክር ቤት፣ «እንወክላችኋለን» ብሎ ለሚመጣ ፓርቲ ሁሉ። በግሌ ከገዢውም ከተቃዋሚውም ይህን ጉዳይ ጮክ ብሎ የሚያነሳ ብዙ አልሰማሁም፤ ፓርላማ የሚታይ ቦታ ነው፣ የቀበሌ ወንበር ካሜራ የለውም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በአሁኑ ሁኔታም ይቻላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 30 ሥራ ያቆማል፣ የሚመለሰው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። በመሃል ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ እንዲወርዱ ይጠበቃል። ፎገራ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚወጡት ልክ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ወረታ ያላችሁ፣ ዘንድሮ ክረምት ተወካያችሁ መጥተው ከሆነ፣ ማንን ሰብስበው እንዳናገሩና ስብሰባው በሥራ ሰዓት ይሁን ከሥራ በኋላ ጻፉልኝ።