ስለ ጨዋታ ዳኝነትና ስለ ተጫዋች ጨዋነት



ጨዋታ ድካምን ለማራገፍና ወዳጅነትን ለማጥበቅ የሚደረግ ነገር ሲሆን ብዙ ጊዜ የጠብ ምክንያት ሆኖ ይገኛል። በተለይም በትንሽ ከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ነገር አጥብቆ ሊያስብበት ይገባል። በአዲስ አበባ በካርታ ጨዋታ የተጣላ ሰው ሌላ ባልንጀራ ሊፈልግ ይችላል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ግን ቅዳሜ ማታ በካርታ የተኳረፉት ጸሐፊና ሒሳብ ሹም ሰኞ ጧት በአንድ ወረቀት ላይ መፈረም አለባቸው። ኩርፊያው ከጨዋታው ጠረጴዛ ወደ ቢሮው ሲሻገር የሚጐዳው በደጅ ቆሞ የሚጠባበቀው ባለጉዳይ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጨዋታ መካከል ክርክር ሲነሣ ፍርዱ በምን መንገድ ሊሰጥ እንደሚገባ፤ ተጫዋቹም እንዴት ያለ ጠባይ ሊኖረው እንደሚያስፈልግ ባጭሩ እንገልጻለን።

የክርክር የመጀመሪያ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን የደንብ መለያየት ነው። ለዚህም ገበጣ በቂ ምስክር ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር እረኞች መሬቱን ቆፍረው ጠጠር እየዘሩ ይጫወቱታል። ጉድጓዱ በአንዱ አገር በሁለት ረድፍ፤ በሌላው አገር በሦስት ረድፍ ይሆናል፤ የአዘራሩና የአበላሉ ደንብም እንደ ቦታው ይለያያል። የታሪክ ሊቅ የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከ100 የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። እንግዲህ ከሁለት አገር የመጡ ሰዎች ለገበጣ ሲቀመጡ ሁለቱም በየአገራቸው ደንብ እውነተኞች ሆነው ሊጣሉ ይችላሉ። ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ወደ ነቀምቴ ከሚሄደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። እንዲህ ወዳለች ከተማ ተዛውሮ የሚመጣ ሠራተኛ ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን የአገሩን የጨዋታ ደንብም ይዞ ይመጣል።

ይህም ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ፖከር የሚባለው የካርታ ጨዋታ፤ እንግሊዛዊው የቴአትር ተዋናይ ጆሴፍ ካውል እንደ ጻፈው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 በአሜሪካ ወንዞች በሚመላለሱ መርከቦች ላይ ይጫወቱት ነበር። ከዚያም ወደ ካሲኖዎች ገብቶ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ነገር ግን እያንዳንዱ ካሲኖ የራሱ ደንብ ስለ ነበረው፤ አንድ ተጫዋች በአንዱ አዳራሽ የተፈቀደለት ነገር በሌላው ያስቀጣው ነበር። ከዚህም የተነሣ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የውድድር ኀላፊዎች ማኅበር አቁመው ደንቡን አንድ ለማድረግ ተነሡ። በደንባቸውም መጀመሪያ ያሰፈሩት፤ ዳኛው ከሁሉ አስቀድሞ የጨዋታውን ደኅንነትና ትክክለኛነትን መመልከት እንዳለበት፤ የሰጠውም ውሳኔ የመጨረሻ መሆኑን ነው።

የፖከር ሥርዓት በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ተጫዋቾች ለሌላው የማይታይ ካርታ ይይዛሉ፤ ከዚያም በየተራቸው ወይ ገንዘብ ያስይዛሉ፤ ወይ ከተያዘው ጋር እኩል ያደርጋሉ፤ ወይ ይጨምራሉ፤ ወይ ካርታቸውን ጥለው ይወጣሉ። ብዙው ክርክር የሚነሣውም ከዚሁ ከተራው ነው። ለምሳሌ ሦስተኛው ሰው ሁለተኛው ሳይናገር «ጨምሬአለሁ» ቢል ምን ይፈረዳል? ነገሩ በይደር ተይዞ ተራው ወደ ሁለተኛው ይመለሳል። ሁለተኛው ሰው ካልጨመረና ሁኔታው ካልተለወጠ ሦስተኛው በተናገረው ቃል ይታሠራል። ሁለተኛው ከጨመረ ግን የሦስተኛው ቃል ይፈታለታል፤ የነበረው ሁኔታ ተለውጦበታልና።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ እጅ ነው። አንድ ሰው ምንም ሳይናገር ከተያዘው ጋር የሚተካከል ገንዘብ አስቀምጦ፤ የባለጋራውን ፊት ካየ በኋላ እንደ ገና ወደ ኪሱ ተመልሶ ሌላ ቢጨምር፤ ጭማሪው አይቈጠርለትም፤ እኩል እንዳደረገ ብቻ ይቈጠራል። ምክንያቱም ገንዘቡን በቁርጥራጭ እያቀረበ የሰውን ፊት ማንበቡ እንደ ስርቆት ስለሚታይ ነው። ጭማሪ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በቃሉ ይናገር፤ ወይም በአንድ ጊዜ ያስቀምጥ። ሦስተኛውም ካርታው በግልጽ ከተዘረጋ በኋላ የሚፈርደው ካርታው ራሱ እንጂ ባለቤቱ የተናገረው አይደለም። አሸናፊ መሆኑን ሳያውቅ «ተረታሁ» ያለ ሰው ካርታውን በጠረጴዛው ላይ ገልጦ ካሳየ ድሉ አይቀርበትም። ሸፍኖ ከተጣለው ክምር ጋር ከቀላቀለው ግን በአብዛኛው እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ ካርታውን መጠበቅ የባለቤቱ ፈንታ ነውና።

ክርክር ሲነሣም ማንም ሰው ካርታውንም ገንዘቡንም ሳይነካ ሁሉ ባለበት ቆሞ ዳኛው ይጠራል። የሚቀጥለው ጨዋታ ካርታ መበወዝ ከተጀመረ በኋላ ግን ያለፈውን ጨዋታ ይዞ መከራከር አይፈቀድም። ይህም ደንብ ተጫዋቹን ቅሬታውን በጊዜው እንዲናገር፤ ካልተናገረም እንዲተወው ያስገድደዋል።

የአገራችንን የጥንት ሙግት የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዱ፤ ዋስም ይጠሩ ነበር። ከአፍ የወጣ ቃልም ባለቤቱን ያስር ነበር። ሁለት የተጣሉ ሰዎች በመንገድ የሚያልፈውን የማያውቁትን ሰው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት እንደ ነበረ ይታወቃል። መንገደኛው የተመረጠው ሕግ ከሁሉ ይልቅ ስለሚያውቅ ሳይሆን፤ በነገሩ ውስጥ ጥቅም ስለሌለው ነው። የካሲኖው ዳኛም ከጠረጴዛው ውጭ ቆሞ የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ ቤት የካርታ ጨዋታ ግን ብዙ ጊዜ ዳኛ የሚሆነው ድምፁ ከፍ ያለው ወይም ሹመቱ የበለጠው ነው፤ እርሱም ራሱ ገንዘብ ያስያዘ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ ትክክል እንኳ ቢሆን አይታመንም።

ደንብ የማይደርስበትን ደግሞ ጨዋነት ይሸፍነዋል። ማሸነፉን እያወቀ ካርታውን አዘግይቶ በማሳየት ባልንጀራውን በከንቱ ተስፋ የሚያስጎመጅ ሰው ደንብ አላፈረሰም፤ ነገር ግን በዓለም ሁሉ በተጫዋቾች ዘንድ እንደ ነውረኛ ይቈጠራል። እንዲሁም በሌላ ሰው ካርታ ገብቶ መምከር፤ የተረታውን ማላገጥ፤ ካርታ አዳዩን መስደብ ሁሉ ከጨዋ አይጠበቅም። በገበጣ ዙሪያ ተመልካች ሲመክርና ሲጯጯኽ የጨዋታው ደስታ ይጨምር ይሆናል፤ ገንዘብ በተያዘበት ጨዋታ ግን አንድን ካርታ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስለ አለቃና ስለ ምንዝርም የገጠሩ ሰው ያስተማረን አለ። በታኅሣሥ 29 ቀን የሁለት ሠፈር ሰዎች ቆልማማ ዱላ ይዘው በሜዳ ላይ ለገና ሲሰለፉ፤ ጌታም ሎሌም በአንድ ሩር ላይ ይሯሯጣሉ፤ በዚያን ዕለትም ጌታ ቢመታ እንኳ አይቆጣም የሚል አባባል አለ። ከአለቃው ጋር ካርታ የሚጫወት ጸሐፊም ይህ መብት ካልተሰጠው ጨዋታው ጨዋታ አይደለም፤ በይሉኝታ እየተረታ ደመወዙን የሚያስረክብበት ሌላ ግብር ይሆንበታል። ስለዚህ አለቃ የሆነ ሰው ወይ በእኩልነት ይቀመጥ፤ ወይ ጨርሶ አይቀመጥ። የመንግሥት ገንዘብ በእጁ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ገንዘብ ከሚያዝበት ጠረጴዛ ቢርቅ ለራሱም ለቤተ ሰቡም ይበጃል፤ መረታት ሲደጋገም ሣጥኑን ለአንድ ሌሊት «ብድር» ብሎ መክፈት ይመጣልና።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ በዕረፍት ቀን ለጨዋታ ስትሰበሰቡ ካርታው ሳይበወዝ አራት ነገር ተነጋገሩ። በማን አገር ደንብ እንደምትጫወቱ፤ የሚያዘው ገንዘብ ከምን መጠን እንደማያልፍ፤ ጨዋታው በስንት ሰዓት እንደሚያበቃ፤ ክርክር ቢነሣም የሚፈርደው ገንዘብ ያላስያዘ ሰው ማን እንደ ሆነ ወስኑ። ዳኛ የሚሆን ሰው ከጠፋም የቤቱን ባለቤት ወይም ቡና የምታፈላውን እመቤት ለምኑ። ይህን ለመነጋገር አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰኞ ጧትም ጸሐፊውና ሒሳብ ሹሙ ሰላምታ ተሰጣጥተው ወረቀቱን ይፈርማሉ።