የኢኑይት የእጅ ሥራና ስለ ሰሜን ዋልታ ኑሮ የተሠሩ ፊልሞች

ኢኑይት የሚባሉት ሕዝቦች በግሪንላንድ፥ በሰሜን ካናዳና በአላስካ የሚኖሩ ሲሆኑ ቀድሞ በውጭ ሰዎች ዘንድ ኤስኪሞ በሚል ስም ይታወቁ ነበር። ኑሯቸውን ስለሚያሳዩ ፊልሞች ሲነገር አዘውትሮ የሚነሣው ክርክር፥ የሚታየው እውነተኛ ኑሮ ነው ወይስ ለትርኢት የተሰናዳ ነው የሚል ነው። ይሁን እንጂ ልብሱን የሰፋው፥ ቤቱን የሠራው ማን እንደ ሆነና በማን ፈቃድ እንደ ሠራው አስቀድሞ ካልተመረመረ፥ ስለ ፊልሙ እውነተኛነት መፍረድ አይቻልም። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የአገሩ ብርድ የይምሰል ሥራን አይታገሥም። ልብሱ የሚሰፋው ካሪቡ ከሚባለው የሰሜን አጋዘን ቁርበት ነው። በብርድ ወራት ሁለት ልብስ ይደረባል፤ የውስጠኛው ጠጉር ወደ ገላ፥ የውጭኛው ወደ ውጭ ይዞራል። ክሩ ከእንስሳው ጀርባ የሚወጣ ጅማት ነው። ሲል ከተባለው የባሕር እንስሳ ቁርበት ጫማ ሲሰፋ፥ መርፌው ቁርበቱን ዘልቆ እንዳያልፍ ይደረጋል፤ በዚህም ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ አይገኝም። ይህ የሴቶች ሙያ ነው፤ መሣሪያቸውም ኡሉ የሚባል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቢላዋ ነው። ኢግሉ የሚባለው ቤት ደግሞ ነፋስ ካጠነከረው በረዶ ተቆርጦ፥ ጡቡ እየዞረና ወደ ውስጥ እያዘነበለ ይካባል። ስለዚህ የፊልሙ ታሪክ የተፈጠረ ቢሆንም፥ ስፌቱ እውነተኛ ካልሆነ ተዋናዩ በብርድ ይጎዳል።

በ1922 ለሕዝብ የታየው «ናኑክ ዘ ሰሜን» የተባለው የሮበርት ፍላኸርቲ ፊልም፥ በካናዳ በኢኑክጁዋክ አካባቢ የተነሣ ነው። ናኑክ ሆኖ የታየው አላካሪያላክ የተባለ አዳኝ ነበር። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሰዎች በጠመንጃ ያድኑ ነበር፤ ፍላኸርቲ ግን የቀድሞውን ጦር እንዲይዙ አደረገ። ለፊልም ማንሻው መኪና ብርሃን እንዲበቃም ከልክ በላይ ሰፊ የሆነ ኢግሉ ተሠርቶ ግማሹ ተቆርጦ ተነሣ። እንግዲህ ቤቱን የሠራው እጅ የባለሙያ እጅ ነበር፤ የቤቱ መልክ ግን ለመኪናው የተገዛ ነበር።

አሰን ባሊክቺ የተባለው የሥነ ሰብእ ሊቅ ከ1963 እስከ 1965 በፔሊ ቤይ፥ በዛሬው ስሟ በኩጋሩክ፥ የኔትሲሊክን ኢኑይት ኑሮ ሲያነሣ መንገዱ ሌላ ነበር። ዓላማው ጠመንጃ ከመለመዱ በፊት፥ በ1919 ገደማ የነበረውን ኑሮ መልሶ ማሳየት ነበር። ሰዎቹ ከትዝታቸው ተነሥተው የቁርበቱን ልብስ፥ ካያክ የተባለውን ታንኳና ዓሣ የሚያዝበትን የድንጋይ አጥር እንደ ገና ሠሩ። በዚህ ሥራ ተራኪ ሳያቋርጠው ከመጀመሪያ እስከ ፍጻሜ የሚታየው የእጅ ሥራው ራሱ ነው። ሆኖም ምን እንደሚነሣ የሚመርጠው ከውጭ የመጣው ሊቅ ነበር።

ሦስተኛው ዘመን የተከፈተው በኢግሉሊክ ነው። የዚህች መንደር ነዋሪዎች፥ በቋንቋቸው የሚተላለፍ ነገር ስላልነበረ፥ በ1975 እና በ1979 ቴሌቪዥን እንዳይገባ በድምፅ ወስነው ነበር። የመንደሩ ሰው ዘካርያስ ኩኑክ በ1981 የቀረጻቸውን ምስሎች ሽጦ ካሜራ ገዛ፤ በ1990ም ከባልንጀሮቹ ጋር ኢሱማ የተባለውን የፊልም ማኅበር አቋቋመ። በ2001 በካን የፊልም በዓል የካሜራ ዶር ሽልማትን ያገኘው «አታናርጁዋት» በቃል ሲወርድ ከኖረ ተረት የተወሰደና ንግግሩ በሙሉ በኢኑክቲቱት የሆነ ነው። ልብሱንና መሣሪያውን የአገሩ ባለሙያዎች ሠሩት። ለዚህም የሽማግሌዎች ቃል ብቻ ሳይሆን፥ በ1822 እና በ1823 በዚያ የነበረው የእንግሊዝ መርከበኛ ጆርጅ ላየን የሣላቸው ሥዕሎች ተመርምረዋል። እንግዳው ለማስታወሻ የሣለው ለባለቤቶቹ የልጅ ልጆች የሙያ መመሪያ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሦስቱም ፊልሞች ያለፈው ኑሮ ተሰናድቶ ታይቷል፤ የሚለያቸው ማሰናዳቱ ሳይሆን በማሰናዳቱ ላይ ሥልጣን የነበረው ሰው ነው። የዕደ ጥበብ ሙያ በሥዕል ብቻ አይወረስም፤ እጅ ሲለምደው ይወረሳል። ኢኑይት ፊልሙን ራሳቸው ሲመሩት፥ ልብሱን መስፋት የፊልሙ ዝግጅት ብቻ ሳይሆን የሙያው ውርስ ሆኗል። ስለሆነም እንደዚህ ያለ ፊልም የሚመረምር ሁሉ ከአንሺው ስም ጋር የሰፊዋንና የቤት ሠሪውን ስም መፈለግ ይገባዋል።