ቱርቦና ደጋ፦ ጋራዥ የሚያወራውና ሞተሩ የሚያውቀው

የጎንደር ወጣት ስለ ቱርቦ ሲያወራ ሱባሩ ኢምፕሬዛን፣ ላንሰር ኢቮሉሽንን፣ ቶዮታ ሱፕራን ይጠራል። በፊልምና በጌም የለመዳቸው ስሞች ናቸው። ጋራዥ በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ቱርቦ ግን አባዱላ፣ ሃይሉክስ፣ ፓጄሮ ነው። ባለቤቱ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ከዮኮሃማው ልጅ ጥያቄ አይለይም፦ በትንሽ ብር ጉልበት እንዴት ይጨመራል? መልስ ሰጪ አይጠፋም። ከሚሰጠው መልስ ውስጥ ግን 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያዋጣው ጥቂቱ ነው፤ 2,850 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

«ዳገቱ ነው ያደከመው»

ከመተማ የሚመጣ ሾፌር እንዲህ ይላል፤ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ያው መኪና ጎንደር ከገባ በኋላ አዘዞ ሜዳ ላይም እንደ ቆላው አይፈተለክም። የጎደለው አየር ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 1 ባር ገደማ ሲሆን ጎንደር ላይ 0.78፣ ደባርቅ ላይ 0.71 ይሆናል፤ የጃናሞራው መንገድ ከጨነቅ በላይ ቧሂትን በሚሻገርበት 4,200 ሜትር አካባቢ ደግሞ ወደ 0.6 ይወርዳል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሳበው አየር ልክ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ሞተር ጎንደር ላይ 77 ያህል፣ ደባርቅ ላይ 70 ያህል ብቻ ይቀረዋል። በየወረዳው መሥሪያ ቤት ግቢ የምናየው የቀድሞው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘርም፣ ባለ 4.2 ሊትር ሞተሩ ቱርቦ ስለሌለው፣ ይህን ግብር ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። ካታሎግ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ለባሕር ወለል የተሰላ ነው፤ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ አይደለም።

«ቱርቦ ያለውን ከፍታ አይነካውም»

ይነካዋል፤ የሚነካው ግን በግማሽ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ብር ያተርፋል። ቱርቦ ከሞተር የሚወጣውን የጋለ ጭስ ኃይል ተጠቅሞ አየር የሚጨምቅ፣ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችል መሣሪያ ነው። በዙሪያው ባለው አየር ላይ 1 ባር የሚጨምር ቱርቦ እንውሰድ። ባሕር ወለል ላይ ሞተሩ የሚያገኘው ጠቅላላ ግፊት 2 ባር ነው። ደባርቅ ላይ ያው ቱርቦ በ0.71 ላይ 1 ሲጨምር 1.71 ይሆናል። ቱርቦ አልባው ከመቶ 29 ሲያጣ ባለ ቱርቦው የሚያጣው 14 ወይም 15 ነው። ትልቅ ልዩነት ነው።

ግን በነፃ አልተገኘም። ቱርቦው ታች አየሩን በሁለት እጥፍ ይጨምቅ የነበረው አሁን 2.4 እጥፍ ይጨምቃል። አየር በተጨመቀ ቁጥር ይግላል፤ በዚህ ሁኔታ ከቱርቦ የሚወጣው አየር ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቢሆን አያስደንቅም። የጋለ አየር የሳሳ አየር ነው፤ ስለዚህም ኢንተርኩለር የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ አለ።

«ግፊቱን ትንሽ ከፍ እናርገው» የሚለው የጓደኛ ምክር አደገኛነቱ እዚህ ላይ ነው። በዩቲዩብ የታየው ባለ ኢምፕሬዛ ግፊት ሲጨምር ምናልባት ባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ደባርቅ ላይ የባሕር ወለሉን 2 ባር ልመልስ የሚል ሰው ቱርቦውን 2.8 እጥፍ እንዲጨምቅ እያዘዘው ነው። ፋብሪካው ያን አላሰበም። በቤንዚን ሞተር ትርፉ ማንኳኳትና የተበሳ ፒስቶን ሊሆን ይችላል። በናፍታ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ሳይጨመር ግፊት ብቻውን ቢጨመር ይህ ነው የሚባል ጉልበት አይመጣም።

የጃፓን ቱርቦ በቀጭን አየር ምን እንደሚሠራ ማየት የፈለገ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የሚካሄደውን የፓይክስ ፒክ የተራራ ውድድር ይመልከት። መነሻው 2,862 ሜትር፣ መድረሻው 4,302 ሜትር ነው፤ ከደባርቅ ተነስቶ ቧሂትን ለመሻገር የሚወጣው ሰው ያንኑ ከፍታ ነው የሚወጣው ማለት ይቻላል። ጃፓናዊው ኖቡሂሮ ታጂማ በቱርቦ ሱዙኪዎቹ ከ2006 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ስድስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ በ2011 በ9 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ጨርሶ በዚያ ተራራ ከ10 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የእሱ ቱርቦዎች ለዚያ አየር ተመርጠው የተገጠሙ ነበሩ። ገበያ የተገዛ አሮጌ ቱርቦ በብሎን ጠበቅ ማድረግና ያ አይገናኙም።

ለባለ አባዱላው ርካሹ «ማሻሻያ» ታዲያ ምንድን ነው? ከቱርቦ እስከ ሞተር ያሉትን የጎማ ቱቦዎችና ማጥበቂያዎቻቸውን ማስፈተሽ። የተሰነጠቀ ቱቦ ቱርቦው የጨመቀውን አየር መንገድ ላይ ያፈሰዋል። ምልክቱ ነዳጅ ሲረገጥ የሚሰማ ፉጨት፣ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ነው። ብዙ ሰው ይህን ምልክት ይዞ «ቱርቦው ሞቷል» ተብሎ ቱርቦ ይገዛል። የቱቦና የቱርቦ ዋጋ ደግሞ አይወዳደርም።

«የሚያጨስ መኪና ጉልበት አለው»

ፖምፓውን አስከፍቶ ነዳጅ ማስጨመር የቆየ ልማድ ነው። ጥቁር ጭስ ግን ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፤ ባለቤቱ ከፍሎበት በማርሚታ የሚወጣ ብር። አየሩ በሳሳበት አገር ነዳጅ መጨመር የጎደለውን ትቶ የተረፈውን ማብዛት ነው። ከዚያም የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፤ መጀመሪያ የሚጎዱት ቱርቦው፣ ፒስቶኑና ቴስታታው ናቸው። ቆላ ላይ በልኩ የተስተካከለ አሮጌ ፖምፓ ወደ ደጋ ሲመጣ መቀነስ እንጂ መጨመር አያስፈልገውም።

ፊልትሮ አውጥቶ መንዳትስ? የጃናሞራ አቧራ ከቱርቦው ምላጭ ጋር በዚያ ፍጥነት ሲገናኝ አሸዋ ወረቀት ነው፤ ያለፈው ደግሞ ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። ንጹሕ ፊልትሮ የሚወስደው ጉልበት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የደፈነው ግን ይወስዳል። ስለዚህ መቀየር እንጂ መጣል አይደለም።

ማርሚታ ማስቆረጥ በአብዛኛው ድምፅ መግዛት ነው። ከቱርቦ በኋላ ያለው ቧንቧ ሰፋ ሲል ቱርቦው በቶሎ እንደሚነሳ እውነት ነው፤ ግን ያ በልኩ ተሰልቶ ሲሠራ እንጂ ማፈኛው በመጋዝ ሲቆረጥ አይደለም። ፒያሳን ሌሊት የሚቀሰቅስ ሁሉ ፈጣን አይደለም።

በስልክ ሱቅ የምትሸጠዋ «ኤሌክትሪክ ቱርቦ»፣ ማለትም አየር መሳቢያው ላይ የምትገጠም ማራገቢያ፣ ቀልድ ናት። 2.5 ሊትር ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ቱርቦው አየር ለመጨመቅ ብቻ ከ10 ኪሎዋት በላይ ይፈጃል፤ ያን ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ከ800 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። መሪው ሥር ተሰክታ «ኮምፒዩተሩን ታስተካክላለች» የምትባለዋ ትንሽ ሳጥንም ከዚያ አትሻልም፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሲከፈቱ ከብልጭታ መብራት ሌላ ምንም አልተገኘባቸውም። ትልቅ ጎማ መግጠም ደግሞ ጉልበት ይቀንሳል፤ ዙሪያው በመቶ 10 ያደገ ጎማ ማርሹን ያን ያህል ያከብደዋል። ጉልበት ፈላጊ ይልቅ ባዶውን የሚጓዝ ፖርቶ መጋላና ከወንበር ሥር የተረሳውን ብረታ ብረት ያውርድ፤ ይህ ምንም አያስከፍልም።

ጋራዥ የሚናገረው ሁሉ ተረት እንዳልሆነም መመስከር ይገባል። «ዳገት ወጥተህ እንደቆምክ ሞተር አታጥፋ» የሚለው የሽማግሌ መካኒኮች ምክር ትክክል ነው። የጋለው ቱርቦ በዘይት ነው የሚቀዘቅዘው፤ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ውስጡ ቆሞ ያርራል። አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ማሠራት በቂ ነው። ዘይት በጊዜው መቀየርም ለቱርቦ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

«ደጋ ላይ ሞተር አይግልም፤ ቴርሞስታቱን አውጣው»

ብርዱ ያታልላል። የሳሳ አየር ከራዲያተር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ውኃም ክፍት ሆኖ ደባርቅ ላይ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑ ላስቲኩ ካለቀ፣ ከጎንደር ወደ ዳባት ሲወጣ የሚንፈቀፈቀው ከዚያ ነው። ርካሽ ዕቃ ናት፤ ስትቀየር ግን አይታይም።

ቴርሞስታት ማውጣቱ ደግሞ በማለዳው የደጋ ብርድ ሞተሩን በልኩ እንዳይሞቅ ያደርገዋል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ወፍሮ ይቆያል፣ ፋሻ ያልቃል። ራዲያተሩ በጭቃና በገለባ ተደፍኖ ሳለ ቴርሞስታቱን መክሰስ ተገቢ አይደለም።

«ሊማሊሞን በፎሌ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል»

ከሁሉም ይህኛው ሰው ይገድላል። ዘመናዊ ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልተረገጠ ምንም ነዳጅ አይረጭም። ፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ብቻ ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ቁጠባው እንኳ ተገላቢጦሽ ነው።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሠሩት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሦስት ቶን የሚመዝን የተጫነ ሚኒባስ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያግል። ይህን ወይ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬኑ ሸራ በሙሉ ይቀበለዋል።

ሸራው ሲግል የፍሬን ዘይት ይግላል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ጠጥቶ ሲያረጅ ግን መሥፈርቱ 140 ብቻ ነው። ዶት 4 በቅደም ተከተል 230 እና 155 ነው። ዘይት ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ደጋው በዚህ ላይ ሌላ ነገር ጨምሯል። በብዙ ቀላል መኪኖች እግርን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ አየሩ በመቶ 29 በቀነሰበት ደባርቅ እገዛውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፔዳሉ የሚጠነክረው ሁልጊዜ ስለተበላሸ አይደለም።

እንግዲህ በጀቱ ትንሽ ለሆነ ሰው ምርጫውን እኔ ልምረጥ ብባል፣ የመጀመሪያው ብር ለዶት 4 ዘይትና ለደህና የፍሬን ሸራ፣ ሁለተኛው ለቱርቦ ቱቦዎች፣ ሦስተኛው ለፊልትሮና ለራዲያተር ክዳን ይሄዳል። የፍጥነት ዕቃ የሚገዛው የተረፈ ካለ ነው።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ያሉት መኪኖች ይበልጥ መጠበቅ አለባቸው፤ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ደባርቅ ላይም እንደ መተማው ይጎትታል። የታጂማን ተራራ በ2018 እ.ኤ.አ. በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ የወጣው የኤሌክትሪክ ቮልስዋገን ነው። «ቁልቁለት ሁልጊዜ ባትሪ ይሞላል» የሚለው ግን ካሁኑ የተጀመረ አዲስ ተረት ነው። ይሞላል፣ ባትሪው ቦታ ካለው። ደባርቅ ላይ 100 በመቶ ተሞልቶ ወደ ሊማሊሞ የሚገባ መኪና የቁልቁለቱን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ ጭነቱ ተመልሶ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። በ80 በመቶ መነሳት ይሻላል።