የሙያ ባልንጀርነትና ደጅ ጥናት

በምሥራቅ ጎጃም በብቸናም ሆነ በሞጣ አንድ ሹም አዲስ ተሹሞ የገባ እንደ ሆነ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። እንኳን ደስ አለዎ ለማለት የሚመጣው ብዙ ነው፤ ዘመድነቱን ቈጥሮ፥ ስሙን አስታውቆ፥ የስልክ ቁጥሩን አስጽፎ የሚሄደውም ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ሹሙም በሦስት ወር ውስጥ የአገሩን ሰው ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። ኋላ ግን ወደ ሌላ ስፍራ የተዛወረ ወይም ከሥራው የወረደ እንደ ሆነ፥ በዚያው በር የሚገባው ሰው በጣት የሚቈጠር ይሆናል። ይህም የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ እነዚያ እንግዶች የመጡት ወንበሩን ለማየት እንጂ ሰውዬውን ለማየት አልነበረምና።

በዚሁ አገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ትውውቅ አለ። አንድ የቅኔ መምህር ሠላሳ ዓመት ያላየው የጉባኤ ቤት ባልንጀራው ወደ ደብሩ የመጣ እንደ ሆነ፥ ፊቱ በሽበት ቢለወጥም ድምፁን ሲሰማ በስሙ ይጠራዋል፤ በየትኛው በዓል የትኛውን መወድስ እንደ ተቀኘ፥ በየትኛውም ቃል ላይ ተሰናክሎ እንደ ነበረ እያነሣ ያጫውተዋል። ሁለቱ በተዋወቁበት ጊዜ ግን አንዱ ለሌላው ሊሰጠው የሚችል ከቁራሽ በቀር ምንም አልነበረውም። ብዙ ሊሰጥ የሚችለው ሹም ተረስቶ፥ ምንም ያልነበረው ተማሪ ሳይረሳ የቀረበት ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነው።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ፥ ከዚያም በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ፥ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት አድባራት የሊቃውንት መፍለቂያ መሆናቸውን ያውቃል። ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ሩቅ አይደለም፤ ደብረ ወርቅ ማርያም በመንገዱ ላይ ናት፤ በእቴጌ እሌኒ ስም የምትታወቀው መርጡለ ማርያምም ወደ ምሥራቅ ዘወር ለሚል ሰው ቅርብ ናት። ወደነዚህ ስፍራዎች የመጣው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሩቅ አገር ሰው ነበረ። ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በትሩን ይዞ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል፤ ምግቡንም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ይለምናል። ውሻ የነከሰው፥ ንዳድ የያዘው፥ ዝናም የመታው እንደ ሆነ እናትና አባት አጠገቡ የሉምና የሚያስታምመው በጎጆው አብሮት ያደረው ባልንጀራው ነው። የባለጸጋም ልጅ የድኻም ልጅ ከአንድ አኩፋዳ አንድ ኮቸሮ ይቈርሳሉ።

በዚያ ስፍራ አዲስ መጤ የሚጠየቀው የማን ልጅ መሆኑን ሳይሆን ከማን እንደ ተማረ ነው። መምህሩን የጠራ እንደ ሆነ፥ የመምህሩ መምህር ማን እንደ ነበረ ይከተላል፤ በዚህም የዋሸራ፥ የጎንጅ ወይም የዋድላ ቤት መሆኑ ይለያል። ይህ ጥያቄ ለማያውቀው ሰው ከንቱ መመካት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ዋና ጥቅም አለው፤ ተማሪው የመምህሩን ስም በጠራ ጊዜ የዚያን መምህር ክብር በራሱ ላይ ተሸክሟል፤ ስንፍና ቢያሳይ የሚነቀፈው ብቻውን አይደለምና ይጠነቀቃል። ዛሬ አንዱ ሠራተኛ ሌላውን «ይህን ሰው ዐውቀዋለሁ፤ ለሥራው ይበቃል» ብሎ ለአለቃው ሲያቀርበው የሚደረገው ነገር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ግን በቅኔ ቤት ያለ ፈተና የሚያልፍ ሰው አለመኖሩ ነው።

ፈተናውም በየቀኑ ነው። ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ በጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ ቅኔ ይቈጥራል። ጀማሪው ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ይይዛል፤ ቀጥሎ ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየ፥ እያለ እያለ ባለ 6 ቤቱን ሥላሴና ባለ 8 ቤቱን መወድስ ይደርሳል። ከዚያ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ይናገራል። ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመ፥ ቤቱ ያልመታ፥ ግሱ ከስፍራው የወጣ እንደ ሆነ በጉባኤው መካከል ይታረማል፤ ሳቅም አይቀርም። እንግዲህ ብልህ ባልንጀራ የሚታወቀው ከዚህ ሰዓት በፊት ነው። ተማሪው ወደ መምህሩ ከመቅረቡ አስቀድሞ ለብቻው ወስዶ «ይህ ቃል አይስማማም፤ እንደገና ተመልከተው» የሚለው፥ በጉባኤው ፊት ግን የባልንጀራውን ስሕተት የማያወራ፥ ያማረለት እንደ ሆነም ከሁሉ ቀድሞ የሚያደንቅ ሰው አለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በስሙ የሚጠራው ይህ ሰው ነው። ጉድለትን በስውር መንገር፥ መልካሙንም በግልጥ መመስከር ማንንም ባዕድ ወንድም ያደርጋል፤ በመሥሪያ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ፥ ምስጋናው በጆሮ ሹክ ሲባል ነቀፌታው በአደባባይ ይነገራል።

ደግሞም ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ እንደገና አይባልም፤ ባለቅኔው ለሌላው በዓል ሌላ አዲስ ይቈጥራል። ባልንጀራው በልቡ ይዞ ያላኖረው እንደ ሆነ ጠፍቶ ይቀራል። የሌላውን ሰው ሥራ ሰምቶ ማስታወስ ከስጦታ ሁሉ የሚበልጥ የሆነውም ስለዚህ ነው።

የዚህ አገር ጉባኤ ቤቶች ካወጧቸው ሰዎች መካከል ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን ማንሣት ተገቢ ነው። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ፤ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት ከጨመሩ በኋላ ወደ ጎጃም ተመልሰው በመምህርነት አገለገሉ። በዚያን ጊዜ የጎጃም ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የኢጣልያ ወረራ በመጣ ጊዜ ከልዑልነታቸው ጋር ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. አብረው ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወስደው በግዞት ኖሩ። ገዥው ግዛት፥ ሠራተኛውም ሥራ በሌለው በዚያ በባሕር ማዶ፥ ደጅ የሚጠና ሹም አልነበረም። ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ያላቸው ዋጋ ከዚያ በበለጠ የሚታይበት ስፍራ የለም።

ክቡር ሐዲስ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ዲማን ዋና የታሪኩ ስፍራ አድርገዋታል። በዛብህ በዕውቀቱ ታውቆ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ ይገባል። ፊታውራሪ የተማሪውን ዕውቀት ይፈልጉታል፤ ሰውነቱን ግን በዘር ሚዛን ይመዝኑታል። ሙያው ተወድዶለት ራሱ ያልታወቀለት ሰው መከራ ምን እንደሚመስል ከዚህ በግልጥ ያሳየ ጸሓፊ ጥቂት ነው። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሹም፥ በበታቹ ያለውን ጸሓፊ ስሙን እንኳ ሳያውቅ ሥራውን ብቻ እየተቀበለ ስንት ዓመት እንዳሳለፈ ቢያስብ መልካም ነው።

ደጅ ጥናት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ደጅ ጠኚው የሚቀርበው ጉዳይ ሲኖረው ነው፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ትውውቁም ያልቃል። ደብር የሚፈልግ ካህን፥ እድገት የሚፈልግ ሠራተኛ፥ ፈቃድ የሚፈልግ ነጋዴ ሁሉም በዚህ ይፈተናሉ። የበደሉ ከፊል የደጅ ጠኚው ነው፤ ከፊሉ ግን ዛሬ ነገ እያለ የሚያመላልሰው የባለሥልጣኑ ነው። አይሆንም የሚለውን ቃል በጊዜው በአክብሮት የተናገረ ሹም፥ ሰውን ተስፋ እየሰጠ አንድ ዓመት ካንገላታው ይልቅ ወዳጅ ያተርፋል። ባልንጀርነት የሕግን አጥር ለመዝለያ መሰላል የሆነ እንደ ሆነም፥ ያዘለለውም የዘለለውም አንዱ ሌላውን መፍራት ይጀምራሉ፤ ምስጢር የያዘ ሰው ወዳጅ መስሎ ቢታይም ባለዕዳ ነው። ጉዳይ በሌለበት ቀን መጠየቅ፥ ሐዘን ቤት መቀመጥ፥ የተጻፈ ደብዳቤ ሳይመለስ አለመቅረት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከሹመት በኋላ የሚቀሩት ሰዎች የሚገኙት በነዚህ ነው።

የቅኔ ትምህርቱን በጎጃም የፈጸመ ተማሪ ድጓውን ለመማር ወደ ጋይንት ወደ ቤተ ልሔም ሲሻገር ዓባይ ይጠብቀዋል። ከሞጣ በስተ ሰሜን፥ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነበረ። በጠላት ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ በክፍተቱ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ከወዲህ የቆሙት ቀስ እያሉ ይለቁለታል፥ ከወዲያ የቆሙት ይስቡታል። የሁለቱ ወገን ሰዎች ካልተማመኑ ገመዱ ብቻውን ማንንም አያሻግርም።

ይህ አሻጋገር በፎቶግራፍ ተነሥቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ባለሙያ ሥዕሉን አየ፤ በሞጣ የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2001 ለዚሁ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፥ በ2002 የፈረሰው መካከል በብረት ተጠገነ። በ2005 ግን ጎርፍ መጥቶ ጥገናውን ወሰደው። የመጀመሪያው ምስጋና ተነግሮ፥ ፎቶግራፉም ተነሥቶ አልቆ ነበርና በዚህ ቢቀር የሚከሰው አልነበረም። ድርጅቱ ግን ተመልሶ መጥቶ በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ በዓባይ ላይ ዘረጋ።