ጃርሱማ፦ በያዮ ጫካ ያልተጻፈ ትምህርት ቤት

ከበደሌ ወደ መቱ የሚጓዝ ሰው ያዮን ሲያልፍ ጫካ ያያል። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና አለ፤ ቅርንጫፎቹ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. 167 ሺህ ሄክታር የሚሆነውን ይህን አገር የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ስለ ቡናው ብዙ ተብሏል። ጫካውን ተካፍለው የሚኖሩት ሰዎች ሲጣሉ በምን እንደሚታረቁ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ጃርሱማ ይባላል።

«ጃርሳ» በኦሮምኛ ሽማግሌ ነው፤ ጃርሱማ ሽምግልና። አማርኛውም ኦሮምኛውም ዕርቅን የሰየሙት በዕድሜ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስቶ ያዮ ባለችበት በኢሉባቦር የሰፈረው ገበሬ ነገሩን ለመረዳት አስተርጓሚ ያላስፈለገው ለዚህ ይመስለኛል። ሥራውን የያዙት «ጃርሳ ቢያ»፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ደመወዝ የላቸውም፤ ፖሊስም አያዙም። ያላቸው መታመን ብቻ ነው።

ጠብ በለቀማ ወቅት ይበዛል። ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ የአንዱን ድርሻ ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ ዛፍ ወይም አንዲት ጅረት ሊሆን ይችላል። አንዱ ወጣት ምልክቱን አልፎ ቅርጫቱን ይሞላል፤ የባለቤቱ ልጅ ይደርስበታል። ስድብ ይቀድማል፤ ገጀራ ደግሞ ሁለቱም እጅ ላይ አለ። በዚህ ጊዜ ነው ሰው ሮጦ ሽማግሌ የሚጠራው።

ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አንጋፋው ይመርቃል፤ የተቀመጠው ሁሉ «ሃ ታኡ» እያለ ይቀበላል፤ ይሁን፣ ይደረግ ማለት ነው። ከዚያ ተበዳይ ይናገራል፤ ማንም አያቋርጠውም። ሲጨርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሰማውን መልሶ ይነግረዋል፤ «ያልከው እንዲህ ነው?» ይለዋል። በዳይም በተራው እንዲሁ። ሁለቱን ገለል አድርገው ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ይመክራሉ፤ ነገሩ ካልበረደ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ችኩል ሰው ይህን ቀጠሮ ማጓተት ይለዋል። እኔ ግን የብልሃታቸው ሁሉ ቁንጮ ይመስለኛል። ቀጠሮው ደሙ የፈላውን ልጅ ሳምንት ያሳድረዋል፤ በዚያ ሳምንት እናቱም አጎቱም ጎረቤቱም ይመክሩታል። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል።

ዳር ላይ ቆመው የሚያዩትን ልጆች አስቧቸው። መጽሐፍ አልተገለጠም፤ ግን ጠላት የሚሉትን ሰው ቃል እስከ መጨረሻው መስማትን፣ የሰሙትን ሳያጣምሙ መልሶ መናገርን፣ ቁጣን ማሳደርን እያዩ ነው። ዛሬ በየአገሩ ሠልጣኞች ክፍያ ከፍለው የሚማሩት የግጭት አፈታት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነፍስ ሲጠፋ ነገሩ ይከብዳል፤ ወደ ጉማ፣ ወደ ደም ካሳ ዕርቅ፣ ይዞራል። ገዳይ ይሸሻል ወይም ይሸሸጋል፤ ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገን መካከል ይመላለሳሉ። ካሳው ሲወሰን ገዳይ ብቻውን አይከፍልም፤ ጎሳው አዋጥቶ ይከፍላል። ለወጣት ከዚህ የጠለቀ ትምህርት ያለ አይመስለኝም፤ የእሱ አንድ ምት የአጎቱን በሬ፣ የዘመዱን ጥሪት እንደሚያወጣ ያውቃል። ስለዚህም ዘመዶቹ ገና ጠቡ ሲጀመር እጁን ይይዙታል።

በኦሮሞ ዘንድ በዕርቅና በምርቃት ጊዜ የሚቀርብ «ቡነ ቀላ» የሚባል ነገር አለ፤ «የታረደ ቡና» እንደ ማለት። ፍሬው ከነቅርፊቱ ጫፉ ይከፈትና በቅቤ ይጠበሳል። እርድ ነው፤ ደም ግን የለበትም። ቤቱ በቅቤና በቡና ሽታ ሲሞላ፣ ትናንት ገጀራ የተማዘዙት ከአንድ ዕቃ ያነሳሉ።

ስለ ቡናው ሳስብ ቤተልሔም ትታወሰኛለች። ፍልስጤማውያን «ሱልሃ» የሚሉት ሽምግልና አላቸው። እዚያም ሽማግሌዎች በበዳይና በተበዳይ ቤት መካከል ይመላለሳሉ፤ በአደባባይ መጨባበጥ አለ፤ ዕርቁ ሲያልቅ ደግሞ መራራ ቡና አብረው ይጠጣሉ። ቤተልሔም ውስጥ «ዊአም» የተባለው ማዕከል ይህንኑ ሱልሃ ይዞ ከወጣቶች ጋር ይሠራል። ከእሱ በፊት ሙባረክ አዋድ የተባለው የኢየሩሳሌም ተወላጅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያለ ዓመፅ መታገልን የሚያስተምር ማዕከል ከፍቶ ነበር፤ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1988 ከአገር አስወጣችው። ትምህርቱ ግን አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቡድሩስ በተባለች መንደር የእስራኤል የመለያ አጥር የወይራ ዛፎቹን ሊነቅል ሲመጣ ሕዝቡ ባዶ እጁን ወጣ። የሰልፉ መሪ የአየድ ሞራር ልጅ ኢልተዛም ያኔ 15 ዓመቷ ነበር፤ ሴቶቹን አስከትላ ከቡልዶዘሩ ፊት ቆመች። አጥሩ መንገዱን ቀየረ፤ አብዛኛው ወይራ ተረፈ።

ይህን ለሰማ የኦሮሞ ሰው ወዲያው የምትታወሰው ሲንቄ ናት። ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ናት፤ መምቻ አይደለችም። ሴቶች ይህችን በትር ይዘው በተፋላሚዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የገዳ ሥርዓት አካል ናት።

ነገር ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። በጃርሱማ ክብ ውስጥ ሴት እምብዛም አትቀመጥም፤ ወጣት ደግሞ እንዲያይ እንጂ እንዲናገር አይጠየቅም። ጎረቤት ከጎረቤት ያስታርቃል፤ ትልቅ ፕሮጀክት ከገበሬ ጋር ሲጋጭ ግን አቅሙ ያጥራል። በያዮ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራ ይሰጠኛል ብሎ የጠበቀ ወጣት ብዙ ነበር፤ ግንባታው ቆመ፤ የዚያን ቅሬታ መሸከም ለጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ የሚተው አይደለም። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ማቋቋሙ ሽማግሌዎቹን ከመንግሥት ፍርድ ቤት ጎን አስቀምጧቸዋል። ጥሩ ነው፤ ውሳኔያቸው በጽሑፍ ይሰፍራል። ሆኖም ወረቀቱ ሲበዛ ያ ቀጠሮ፣ ያ መደማመጥ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ።

ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የሰላም ክበብ አላቸው። ተማሪዎቹ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ግጥም ያነባሉ፤ ግድግዳ ላይ ጥቅስ ይለጥፋሉ። በያዮም በመቱም የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱና በአንድ የዕርቅ ቀን ከዛፉ ሥር አስቀምጧቸው፤ ሴቶቹንም ወንዶቹንም። ከቻላችሁ ሲንቄ የያዙ እናቶችን ጋብዙ። በማግስቱም ሁለት ተማሪዎች የተጣሉበትን ነገር ለክፍሉ ስጡት፤ አንዱ ይናገር፣ ሌላው የሰማውን መልሶ ይንገረው፤ ካልበረደም እስከ ሳምንት ቀጠሮ ስጧቸው።