ጥናቱ ከታተመ በኋላ

አንድ የምርምር ጽሑፍ ለጆርናል ሲላክ መጀመሪያ የሚያየው አርታኢው ነው። የማያስኬደውን ይመልሳል፤ የቀረውን ለሁለት ወይም ለሦስት የመስኩ ባለሙያዎች ለግምገማ ይልካል። አስተያየታቸው ከደረሰው በኋላ ይታተም ወይም ይቅር የሚለው ግን እሱ ነው። ጸሐፊው ወዳጁ ከሆነ ፋይሉን ለሌላ አርታኢ ያስተላልፋል፤ የገምጋሚዎቹን ምስጢር ይጠብቃል፤ ገና ያልታተመ ግኝት አይቶ ለራሱ ጥናት አይጠቀምበትም። እኔ ግን አርታኢ አብዝቶ የሚፈተነው ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ነው ባይ ነኝ። ለዚህ በ1823 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ለንደን ውስጥ ከተመሠረተው የሕክምና ጆርናል ከላንሴት የሚበልጥ አስተማሪ አላገኘሁም።

ላንሴት በፌብሩዋሪ 1998 የዶክተር አንድሩ ዌክፊልድንና የ12 ባልደረቦቹን ጽሑፍ አተመ። በሮያል ፍሪ ሆስፒታል የታዩ 12 ሕፃናትን የአንጀት ሕመምና የኦቲዝም ምልክት ከኩፍኝ፣ ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጥምር ክትባት ጋር አያይዞ የሚያነሳ ነበር። ጽሑፉ ራሱ ግንኙነቱ እንዳልተረጋገጠ ይናገራል፤ በዚያው እትም የጥናቱን ድክመት የሚያሳይ የሌሎች ባለሙያዎች ሐተታም ወጥቷል። ዌክፊልድ ግን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ጥምሩ ቀርቶ ክትባቶቹ በተናጠል ይሰጡ አለ፤ በወላጆች ጆሮ ውስጥ የቀረውም ይኸው ነው። እንግሊዝ ውስጥ 92 በመቶ ደርሶ የነበረው የክትባቱ ሽፋን በ2003/04 ወደ 80 በመቶ ገደማ ወረደ።

በ2004 የሰንደይ ታይምሱ ጋዜጠኛ ብራያን ዲር ማስረጃውን ይዞ ወደ ላንሴት ቢሮ ሄደ። ዌክፊልድ የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ከሚዘጋጅ ጠበቃ ጋር ሲሠራና ገንዘብ ሲከፈለው ቆይቷል፤ ለአንባቢ ግን የተነገረ ነገር አልነበረም። ጆርናሉ የጥቅም ግጭቱን ማወቅ ይገባው እንደነበር አመነ። ሕፃናቱ እንዴት እንደተመረጡና የሥነ ምግባር ፈቃዱ እንዴት እንደተገኘ የተነሳውን ጥያቄ ግን ለራሳቸው ለጥናቱ ጸሐፊዎችና ለሆስፒታላቸው አቀረበ፤ በቀናት ውስጥም መልሳቸውን ተቀብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። ጥያቄ የተነሳበትን ሰው ራስህን መርምር ማለት ምርመራ አይባልም። በቀጣዩ ወር ከጸሐፊዎቹ አሥሩ ከጽሑፉ ትርጓሜ ራሳቸውን አገለሉ፤ ጥናቱ ግን እንደቆመ ቀረ። ላንሴት የሻረው በፌብሩዋሪ 2010፣ የብሪታንያ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት በዌክፊልድ ላይ ውሳኔ ካሳወቀ ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

ይህን ስል ገምጋሚ ሁሉን ማየት ነበረበት ማለቴ አይደለም። ገምጋሚ የተጻፈለትን ያነባል እንጂ የበሽተኛውን ካርድ አያገላብጥም፤ አሠራሩ በእምነት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲመጣ አርታኢው ጉዳዩን ጸሐፊዎቹ የማያዙበት ገለልተኛ አካል እንዲያጣራ መጠየቅ፣ እስኪጣራም ጽሑፉ ላይ የጥርጣሬ ማስታወቂያ መለጠፍ አለበት። የብሪታንያ የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች በ1997 ያቋቋሙት የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴም የጥርጣሬ ማስታወቂያ ማውጣትን ለአባላቱ በመመሪያ አስቀምጧል።

መሻር ማለት ግን ጽሑፉን ደብዛውን ማጥፋት አይደለም። የዌክፊልድ ጽሑፍ ዛሬም የላንሴት ድረ ገጽ ላይ አለ፤ በየገጹ ላይ ግን መሻሩን የሚያውጅ ቃል በቀይ ጉልህ ፊደል ታትሞበታል። ጠቅሶት የነበረ ተመራማሪ ተመልሶ ቢመጣ ያየዋል። የመሻሪያው ማስታወቂያ ምክንያቱን፣ ስህተቱ የቅንነት ይሁን የማጭበርበር፣ ለይቶ መናገር አለበት። የዩኒቨርሲቲ መምህር እድገት በታተመ ጽሑፍ በሚታይበት በእኛ አገር ይህ የእንጀራም የስምም ጉዳይ ነው፤ ተሳስቻለሁ ብሎ በራሱ ፈቃድ የመጣን ሰው ከአጭበርባሪ ጋር አንድ ላይ መድፈቅ ግፍ ነው።

ላንሴት በሜይ 2020 ሌላ ፈተና ገጠመው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ለኮቪድ በሽተኞች አደገኛ ነው የሚል፣ 96,000 ገደማ ታካሚዎችን አካቷል የተባለ ጥናት አወጣ። የመረጃው ባለቤት የነበረው ሰርጂስፊር የተባለ ኩባንያ ጥሬ መረጃውን ለገለልተኛ መርማሪ አላሳይም አለ፤ ከአራቱ ጸሐፊዎች ሦስቱ ጠይቀው ጽሑፉ በ13 ቀን ውስጥ ተሻረ። በዚያው ዓመት ጆርናሉ ደንቡን ለወጠ፦ ከጸሐፊዎቹ ከአንድ በላይ የሆኑት ጥሬ መረጃውን በቀጥታ አግኝተው ማረጋገጣቸውን በስማቸው መመስከር አለባቸው።