የምታጠባ እናት ሆዷ ሲደርቅ

ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ገጽ በራሳችሁ ዓይን ለማንበብ የበቃችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። በዛሬው ትምህርታችን የምናነሣው ጉዳይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ነገር ግን አፍሮ የማያወራው ነው። ይኸውም የምታጠባ እናት የሆድ ድርቀት ሲይዛት የትኛውን መድኃኒት ብትወስድ ለራሷም ለልጇም ደግ ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

በአራስ ቤት ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዷ ጎረቤት «ኮሶ ጠጪና ሆድሽ ይታጠብ» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ወተቱ ተመርዞ ልጁን ይገድልብሻል! ምንም እንዳትቀምሺ፤ ከቀመስሽም ሦስት ቀን ጡት አትስጪው» ትላለች። ሁለቱም የሚናገሩት በፍቅር ነው፤ ሁለቱም ግን ይጎዳሉ። የፊተኛዋ እናቲቱን ታደክማለች፤ የኋለኛዋ ሕፃኑን ከምግቡ ትለየዋለች። ጡት ሳይጠባ ሲቀር ያብጣል፣ ያማል፣ ወተቱም ይቀንሳል። በምትኩ በጡጦ የሚሰጠው ወተት ደግሞ ውሃው ካልፈላ፣ ጡጦውም ካልጸዳ ሕፃኑን ለተቅማጥ ይዳርገዋል።

እስቲ መጀመሪያ ሆድ ለምን ይደርቃል እንበል። የእናት ጡት ወተት ከመቶው 87 ያህሉ ውሃ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጠባል። ይህ ሁሉ ውሃ የሚወጣው ከእናቲቱ ሰውነት ነው። በመጠጥ ካልተካችው አንጀቷ ከምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ አሟጦ ይመጥና ዓይነ ምድሯ እንደ ጠጠር ይደርቃል። በዚያ ላይ አራስ ብዙ ትተኛለች፤ በወሊድ ጊዜ ተሰፍታ ከሆነ ደግሞ ስፌቱ እንዳይለቅ ስለምትፈራ ሲመጣባት ትይዘዋለች። የያዙት ነገር ውሎ ሲያድር ይብሱን ይጠነክራል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒንም ሆድ ያደርቃል፤ ዓይነ ምድርንም ያጠቁራል። ይህን አይታችሁ ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሰጣችሁ የጤና ሠራተኛ ንገሩ እንጂ። ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ ግን ሌላ ነው። እሱ ሆድ ከማድረቁም በላይ ወደ ወተት ገብቶ ሕፃኑን ሊያፈዝና ትንፋሹን ሊያደክም ስለሚችል ለምታጠባ እናት አይመከርም።

ምግቡስ? የገብስ ገንፎ ምን ክፋት አለው! ችግሩ ጠዋት ገንፎና ቅቤ፣ ማታም ገንፎና ቅቤ ብቻ ሲሆን ነው። ጎመኑ «ሆድ ይነፋባታል» ተብሎ ይከለከላል፤ ባቄላውም፣ ሽሮውም እንዲሁ። ሆድ የሚያለሰልሰው ግን እሱ ነበር። ጎመን፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነሥጋው፣ ከነገለባው የተፈጨ እህል፣ በየጡት ማጥባቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ወይም አጥሚት፣ በግቢ ውስጥም ወዲያ ወዲህ ማለት፤ ብዙዋ እናት በዚህ ብቻ ይሻላታል። ጫት የምትቅም ካለች ደግሞ ትተወው። ጫት ሆድ ያደርቃል፤ የሚያነቃው ነገርም በወተት በኩል ለሕፃኑ ይደርሳል።

በምግብ አልሆነም እንበል። መድኃኒት ከመምረጣችን በፊት አንድ ነገር እንረዳ። ከሆድ ወደ ጡት የተዘረጋ ቧንቧ የለም። የዋጥነው ነገር አንጀት ይደርሳል፤ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ወተት ውስጥ የሚገኘው ከደም የተሻገረው ነው። ስለዚህ አንጀት ውስጥ ቀርቶ ደም ውስጥ የማይገባ መድኃኒት ወተት ውስጥም አይገባም። ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው፤ አንጀት ውስጥ ይቀራል ወይስ ደም ውስጥ ይገባል?

ከቤታችን እንጀምር። ተልባ መልካም ነው። ውሃ ይዞ ያብጥና ዓይነ ምድሩን ያለሰልሳል። ግን ውሃ ይፈልጋል። ተልባ ያለ በቂ ውሃ ከተወሰደ ጭራሽ ድርቀቱን ያብሰዋል።

ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ላክቱሎዝ የሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ አንጀት ውስጥ የሚቀር ነው። ደም ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለምታጠባ እናት ይስማማል። ሆኖም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እስኪሠራ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። አልሠራም ብላችሁ መጠኑን አታብዙ። ቢሳኮዲል የተባለው ኪኒንም ወደ ወተት አይደርስም። ማታ ይዋጥና ጠዋት ይሠራል። ነገር ግን አይታኘክም፣ ከላም ወተት ጋርም አይዋጥም፤ ወተቱ የኪኒኑን ልባስ ሆድ ውስጥ ሳለ ስለሚያሟሟው ቁርጠት ያመጣል። አራስ ደግሞ ወተት አይለያትምና ይህን ልብ በሉ። ሴና የሚባለው ቅጠልና ኪኒኑ በተባለው ልክ ለአጭር ጊዜ ከተወሰደ ሕፃኑን አይጎዳም። ከልኩ ካለፈ ግን እናቲቱን ይቆርጣታል። ማናቸውንም ወስዳችሁ የሕፃኑ ዓይነ ምድር እንደ ውሃ ከቀጠነ መድኃኒቱን አቁሙ፣ ጡቱን ቀጥሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ሂዱ።

የጉሎ ዘይት አንጀትን በኃይል የሚያስቀምጥ ነውና ከላይ ያልናቸው እያሉ እሱን መምረጥ አያስፈልግም። የጉሎ ፍሬውማ መርዝ ነው፤ ልጆችም እንዳያገኙት ጠብቁ። ኮሶንስ? ኮሶ የትል ማስወጫ እንጂ የድርቀት መድኃኒት አይደለም። ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያዝላል፤ መጠኑ ሲበዛም የዓይን ብርሃን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ደም ፈሷት፣ ሰውነቷ ደክሞ ለተኛች አራስ ኮሶ ማጠጣት፣ እኔ አስተማሪ እንጂ ሐኪም ባልሆንም፣ ጭካኔ ነው እላለሁ። የኮሶ ትል ያለባት እናት በጤና ጣቢያ ተመርምራ ኪኒን ታገኛለች።

አሁን ወደ ንባባችን እንምጣ። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ምን እናድርግ? ባለመድኃኒት ቤቱን «እያጠባሁ ነው» በሉት፤ ይህን ሳትሉ አንድ ኪኒን እንኳ አትቀበሉ። ቀጥሎ የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን የሚለውን በአማርኛ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። እዚያው ቆማችሁ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡለት። ካልገባችሁ እንደገና ይጻፍ፤ አያሳፍርም። ካርቶኑ ላይ «የምታጠቡ ከሆነ ሐኪም አማክሩ» የሚል ቢኖር መርዝ ነው ማለት አይደለም፤ ጠይቁ ማለት ነው።

ስለ ሕፃኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ እናቲቱን የሚረዳው ሁሉ ለእርሱ አይሰጥምና። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ስድስት ሳምንት ገደማ ካለፈው በኋላ ብዙ ቀን ሳያስወጣ ሊቆይ ይችላል። ሲወጣ ለስላሳ ከሆነ፣ ሕፃኑም በደንብ እየጠባና ክብደት እየጨመረ ከሆነ ይህ ድርቀት አይደለም። ቅቤ አታልሱት፤ የአብሽ ውሃ፣ ተልባም ሆነ የእናቱን ሽሮፕ አትስጡት። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር ካላወጣ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰው ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።

እናቲቱም ሆዷ ተነፍቶ የሚያስመልሳት፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ያላት፣ ትኩሳት የያዛት ወይም ከዓይነ ምድሯ ጋር ብዙ ደም ያየች እንደሆነ፣ በተለይም በቀዶ ሕክምና የወለደች ከሆነች፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሳትወስድ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ሕፃኑንም ይዛው ትሂድ፤ በመንገድም ቢሆን ይጥባ።